ድቡልቡል ያልሆነ አቧራ፦ በቦሌ አራብሳ አየር ላይ ከሚነበበው ቁጥር ጀርባ ያለ ግምት

በበጋ ወራት፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ፣ በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየሞች መካከል ባልተነጠፈ መንገድ አንድ ገልባጭ መኪና ሲያልፍ የሚያስነሣውን አቧራ ሁለት ሰዎች ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመው ቢመለከቱት የሚያዩት ነገር አንድ አይሆንም። ፊቱን ወደ ፀሐይ ያዞረው ሰው ዓይን የሚወጋ ነጭ ግድግዳ ያያል። ፀሐይን ከጀርባው ያደረገው ግን ማዶ ያለውን ሕንፃ እንኳ በቅጡ የማይጋርድ ስስ ቡናማ መጋረጃ ብቻ ይታየዋል። አቧራው አንድ ነው፤ ቅንጣቶቹም አንድ ናቸው። የተለያየው ብርሃኑ ቅንጣቶቹን መትቶ ወደ ተመልካቹ የሚደርስበት ማዕዘን ነው።

የአየር ጥራትን በብርሃን የሚለካ መሣሪያ ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ሰዎች እንደ አንዱ ነው። በተወሰነ ማዕዘን ሆኖ ያያል፤ ካየው ብርሃን ተነሥቶም በአየሩ ውስጥ ምን ያህል አቧራ እንዳለ ያሰላል። ስሌቱ የሚያስኬደው አንድ ቅንጣት በየማዕዘኑ ምን ያህል ብርሃን እንደሚበትን አስቀድሞ ሲታወቅ ነው። ይህንም ሦስት ነገሮች ይወስኑታል፦ የቅንጣቱ መጠን፣ የተሠራበት ማዕድንና ቅርጹ። ከሦስቱ ብዙ ጊዜ ሳይጠቀስ የሚታለፈው ቅርጹ ነው። ስለ ቅርጽ ዝም ያለ ጥናት ግን ከግምት ነጻ አይደለም፤ የተጠቀመበት ስሌት በአብዛኛው ቅንጣቱን ድቡልቡል አድርጎ ወስዶታል። በምሥራቅ አዲስ አበባ ለሚካሄድ የአየር ጥናት ይህ ግምት ሳይፈተሽ ሊያልፍ አይገባም። ስሕተቱ የአቧራውን ብዛት ብቻ ሳይሆን የብክለቱን ምንጭም ሊያዛባ የሚችል ነውና።

ግምቱ ከየት መጣ?

የድቡልቡል ቅንጣት ግምት ከስንፍና የመጣ አይደለም። በ1908 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጉስታቭ ሚ፣ በፈሳሽ ውስጥ የተንሳፈፉ እጅግ ጥቃቅን የወርቅ ቅንጣቶች ቀለማቸውን ከየት እንደሚያገኙ ለማስረዳት ሲነሣ፣ የማክስዌልን እኩልታዎች ለአንድ ድቡልቡል ቅንጣት ሙሉ በሙሉ ፈታ። ይህ መፍትሔ ለደመናና ለጉም ጠብታ ፍጹም የሚስማማ ነው፤ ጥቃቅን የፈሳሽ ጠብታ በገጹ ውጥረት ራሱን ያድበለብላልና። ስሌቱ ለኮምፒውተር ቀላል በመሆኑም ከደመና አልፎ ወደ ጭስ፣ ከጭስም ወደ አቧራ ተሸጋገረ።

አቧራ ግን የተሰበረ፣ የተፈጨ ወይም የተፈረፈረ ጠጣር ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ስለታም ጠርዝ፣ ጠፍጣፋ ገጽ፣ የተላጠ ጎን አለው። ለእንዲህ ዓይነቱ ቅንጣት የሚሆን የስሌት ዘዴም ከጠፋ ዘመን አልፏል። ፒተር ዋተርማን በ1965 እ.ኤ.አ. ቲ-ማትሪክስ የተባለውን ዘዴ አቀረበ። ማይክል ሚሽቼንኮና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1990ዎቹ ዘዴውን አዳብረው በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ፣ የርዝመትና የስፋት ምጣኔያቸው የተለያየ ሞላላ ቅንጣቶች ተቀላቅለው ሲሰሉ የአቧራን የብርሃን ብተና ከድቡልቡሉ ይልቅ በእጅጉ እንደሚመስሉ አሳዩ። የቲ-ማትሪክስ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ለማንኛውም ተመራማሪ በነጻ ከተለቀቁ ቆይተዋል። ስለዚህ ዛሬ ድቡልቡሉን ይዞ መቀጠል የዘዴ እጦት ሳይሆን የምርጫ ጉዳይ ነው፤ ምርጫ ደግሞ ምክንያቱ ሊጻፍለት ይገባል።

ቅርጹ ምን ይለውጣል?

ከብርሃን የሞገድ ርዝመት የሚበልጥ ቅንጣት፣ ቅርጹ ምንም ይሁን ምን፣ አብዛኛውን ብርሃን ወደ ፊት ይበትናል። ፊቱን ወደ ፀሐይ ያዞረው ሰው ነጭ ግድግዳ የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ጠባብ የፊት ማዕዘን ድቡልቡሉና የተሰበረው ቅንጣት ብዙም አይለያዩም። ልዩነቱ የሚጎላው በጎንና በኋላ ነው። በአምስተርዳም ቤተ ሙከራ በማዕድን አቧራ ላይ ተካሂደው በ2001 እ.ኤ.አ. የታተሙት ልኬቶች የተሰበረ ቅንጣት የብተና መስመር ለስላሳና በጎን በኩል ጠፍጣፋ መሆኑን አረጋግጠዋል። ተመሳሳይ መጠን ያለው ድቡልቡል ግን በጎን በኩል ያነሰ፣ ወደ ኋላ ቀጥ ባለው አቅጣጫ ደግሞ የበዛ ብርሃን ይበትናል።

ሁለተኛው ልዩነት በፖላራይዜሽን፣ ማለትም የብርሃን ሞገድ በሚወዛወዝበት አቅጣጫ ላይ ይታያል። ላይዳር በአንድ አቅጣጫ የሚወዛወዝ የሌዘር ብርሃን ወደ ሰማይ ልኮ የሚመለሰውን ያነብባል። ብርሃኑን የመለሰው ድቡልቡል ቅንጣት ከሆነ አቅጣጫው አይለወጥም፤ የመዛባት ምጣኔው ዜሮ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በሞሮኮ በተካሄደው የሳሙም የመስክ ዘመቻ፣ በ532 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ለንጹሕ የሰሃራ አቧራ የተለካው ምጣኔ ግን ወደ 0.31 የሚጠጋ ነበር። በዜሮና በ0.31 መካከል ያለው ርቀት የሚያሳየው ቅርጽ ከመጠንና ከማዕድን ያላነሰ የአቧራ መታወቂያ መሆኑን ነው።

ሦስተኛው ልዩነት ከብርሃን አልፎ በአየር ላይ ወደ መቆየት ይሄዳል። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ የኋንግ፣ የኮክና የባልደረቦቻቸው ጥናት ከብዙ ቦታ የተሰበሰቡ ልኬቶችን አጣምሮ፣ የበረሃ አቧራ ቅንጣት ርዝመት በአማካይ ከውፍረቱ አምስት እጥፍ ያህል እንደሚሆን አስልቷል። ጠፍጣፋ ነገር ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ይህ ቅርጽ አቧራው በስበት ወርዶ ከአየር እስኪወጣ የሚቆይበትን ጊዜ በ20 በመቶ ገደማ እንደሚያራዝም ገልጸዋል። የአየር ንብረት ሞዴሎችም ይህን ያህል ቅርጽ ሳያስቡ እንደቆዩ አመልክተዋል።

የሌለ ጭስ

እስካሁን የተባለው ለአንድ የፊዚክስ ተማሪ በቂ ምክንያት ይሆናል፤ ለከተማ አስተዳደር ግን ሩቅ ሊመስል ይችላል። ጉዳዩ የሚቀርበው የሚከተለው ሲታይ ነው።

የፀሐይ ፎቶሜትር ከሰማይ ልዩ ልዩ ማዕዘኖች የሚመጣውን ብርሃን ለክቶ በአየሩ ውስጥ ያሉትን ቅንጣቶች የመጠን ስብጥር በስሌት ወደ ኋላ ይፈልጋል። ስሌቱ ቅንጣቶቹ ድቡልቡል ናቸው ብሎ ከጀመረ፣ በጎን በኩል የሚያየውን ትርፍ ብርሃን በትልልቆቹ ቅንጣቶች ማስረዳት ያቅተዋል፤ ድቡልቡል የአቧራ ቅንጣት ያን ያህል ወደ ጎን አይበትንምና። ያን ጊዜ ስሌቱ ሒሳቡን ለማስታረቅ ወደ ጎን በደንብ የሚበትኑ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶችን ይጨምራል። እነዚህ ቅንጣቶች በአየሩ ውስጥ የሉም፤ የስሌቱ ፈጠራ ናቸው። ኦሌግ ዱቦቪክና ባልደረቦቹ በ2002 እና በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጧቸው ሥራዎች ይህን ስሕተት በበረሃ አቧራ ላይ አሳይተዋል፤ በድቡልቡሉ ፈንታ የሞላላ ቅንጣቶች ድብልቅ ሲገባም የሐሰቱ ጥቃቅን ክፍል እንደሚወገድ አስረድተዋል።

በበረሃ መካከል ይህ የምሁራን ጉዳይ ሆኖ ሊቀር ይችላል። በከተማ ግን ጥቃቅን ቅንጣት ስም አለው፤ ጭስ ይባላል። ከከሰልና ከማገዶ፣ ከናፍጣ መኪና ጭስ ማውጫና ከቆሻሻ ቃጠሎ የሚወጣው ብክለት በአብዛኛው ከአንድ ማይክሮሜትር በታች ነው። ከመንገድ፣ ከግንባታና ከድንጋይ ካባ የሚነሣው አቧራ ደግሞ በክብደት ሲታይ ትልልቆቹ ቅንጣቶች የሚያመዝኑበት ነው። ስለዚህ ቅርጽን የዘነጋ ስሌት የመንገድን አቧራ ከፊሉን ጭስ ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። የምንጭ ድርሻን የሚያሰላ ተማሪ ይህን ቁጥር ተቀብሎ ወደ ምክረ ሐሳብ ሲሸጋገር፣ መንገድ አንጥፉ፣ የድንጋይ መፍጫውን ውኃ እያርከፈከፋችሁ አሠሩ ሊባል የሚገባው አካል ቀርቶ፣ መብራት ሲጠፋ በረንዳዋ ላይ ከሰል የምታቀጣጥለው እናት ትወቀሳለች። ጭስ ጉዳት የለውም ለማለት አይደለም፤ በቤት ውስጥ የሚታፈን ጭስ አደጋው የታወቀ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ብክለቶች መድኃኒታቸው ለየቅል ነው፤ የተሳሳተ ድርሻ በጀትንም ወደ ተሳሳተ ቦታ ይመራል።

የምሥራቁ አቧራ የራሱ መልክ አለው

ስለ አቧራ ቅርጽ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ከሰሃራና ከእስያ በረሃዎች ነው። የቦሌ አራብሳ አቧራ የሰሃራ አቧራ ግልባጭ ሊሆን አይችልም። አዲስ አበባ የተቀመጠችው በእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ላይ ነው፤ ባዛልት፣ ትራካይትና ኢግኒምብራይት በከተማዋና በዙሪያዋ ይገኛሉ። ኢግኒምብራይት በውስጡ የእሳተ ገሞራ መስተዋት አለው፤ መስተዋት ደግሞ ሲሰበር ስለታምና ጎባጣ ስብርባሪ ይሆናል። ለጠጠር የተፈጨ ባዛልት የሚተወው ዱቄትም ነፋስ ለዘመናት እያንከባለለ ጠርዙን ካለዘበው የበረሃ አሸዋ የተለየ አዲስ ስብራት ነው።

በዚህ ላይ የመረሬው አፈር አለ። በበጋ እግር እስኪያስገባ የሚሰነጠቀው ይህ ጥቁር አፈር ስሜክታይት በተባለ የሸክላ ማዕድን የበለጸገ ነው። የዚህ ማዕድን መሠረታዊ አካል ቅጠል የመሰለ ስስ ንጣፍ ነው፤ ይሁን እንጂ ንጣፎቹ ብዙውን ጊዜ ተጣብቀው እንደ ጓል ሆነው ይነሣሉ። የሲሚንቶ ብናኝ፣ የጎማና የፍሬን ፍቅፋቂም ይጨመርበታል። ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከአፋር ዝቅተኛ ቦታዎች በነፋስ ተገፍቶ የሚመጣ የበረሃ አቧራ ሲኖር ደግሞ ሩቁና ቅርቡ አቧራ በአንድ ሰማይ ላይ ይደባለቃሉ። ከሰሃራ ልኬት የተወሰደ አንድ የቅርጽ ስብጥር ለዚህ ሁሉ ይበቃል ማለት ድቡልቡሉን ከመገመት የተሻለ ነው፤ የመጨረሻው መልስ ግን ሊሆን አይችልም።

ጊዜው ለምን አሁን ሆነ?

የአሜሪካ ኤምባሲ በአዲስ አበባ ሲያሠራቸው የነበሩት የአየር ጥራት መለኪያዎች አቧራን በብርሃን አልነበረም የሚለኩት። በማጣሪያ ላይ የተጠራቀመው ብናኝ የቤታ ጨረርን ምን ያህል እንደሚያዳክም አይተው ክብደቱን ያሰሉ ነበር። ቅርጽ በዚህ ዘዴ ላይ የጎላ ሚና የለውም። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በዓለም ዙሪያ ካሉ ኤምባሲዎቹ የሚወጣውን መረጃ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ማሠራጨት ሲያቆም፣ ለብዙ የድኅረ ምረቃ ጥናት መነሻ የነበረ ይፋ የቁጥር ምንጭ ተቋረጠ። ክፍተቱን ለመሙላት ቅርብ ሆነው የሚገኙት ዋጋቸው ዝቅተኛ የሆኑ የሌዘር መለኪያዎችና ሳተላይቶች ናቸው። ሁለቱም በብርሃን የሚሠሩ ናቸው፤ ስለዚህ የቅርጽ ጥያቄ ከትናንት ይልቅ ዛሬ ይከብዳል።

በእጅ የሚያዙት ርካሽ መለኪያዎች ከሌዘሩ በ90 ዲግሪ አካባቢ ወደ ጎን የተበተነውን ብርሃን ይቀበላሉ። ይህም የቅርጽ ተጽዕኖ የሚጎላበት አቅጣጫ ነው። በሌላ በኩል ትልልቆቹ ቅንጣቶች ወደ መሣሪያው ክፍል በደንብ ስለማይገቡ መለኪያዎቹ አቧራን አሳንሰው እንደሚያነብቡ በልዩ ልዩ አገሮች የተካሄዱ ፍተሻዎች አሳይተዋል። ሁለት ስሕተቶች በተቃራኒ አቅጣጫ እየጎተቱ የሚሰጡት ቁጥር አንዳንዴ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ የአንዱ ቀን ትክክለኛነት ለሌላው ቀን ዋስትና አይሆንም።

ሳተላይቱም ከዚህ አያመልጥም። አዲስ አበባ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በቀኑ አጋማሽ ከአናት በላይ ከፍ ብላ ትታያለች። በእኩለ ቀን አቅራቢያ ከላይ ቀጥ ብሎ የሚመለከት ካሜራ የሚቀበለው ወደ መጣበት አቅጣጫ የተመለሰውን ብርሃን ነው። በዚህ አቅጣጫ ድቡልቡሉ ከእውነተኛው አቧራ ይልቅ ያበራል ተብሎ ስለሚሰላ፣ ስሌቱ የተወሰነ ብሩህነትን ለማስረዳት ጥቂት አቧራ ይበቃዋል፤ አቧራው ያንሳል። ካሜራው ከጎን ሲመለከት ደግሞ ስሕተቱ ይገለበጣል።

አንድ የምሥራች ግን አለ። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳና የጣሊያን የጠፈር ኤጀንሲ በጋራ የሚያካሂዱት ማያ የተባለ ተልዕኮ፣ የብናኝን ዓይነት ከጤና ጋር ለማዛመድ ከመረጣቸው ዋና ዋና የዓለም ከተሞች አንዷ አዲስ አበባ ናት። የዚህ ተልዕኮ ካሜራ የተነደፈው አንድን ቦታ ከብዙ ማዕዘን እንዲመለከትና ፖላራይዜሽንንም እንዲለካ ነው፤ ማለትም ቅርጽ የሚታወቅባቸውን ሁለቱን ምልክቶች ይይዛል። ሆኖም ካሜራው የሚያየውን የሚተረጉመው አስቀድሞ በተዘጋጁ የቅንጣት ሞዴሎች ነው። በሞዴሎቹ ውስጥ የምሥራቅ አዲስ አበባ አቧራ ቅርጽ ከሌለ፣ ከተማዋ በሌላ አገር አቧራ መስፈሪያ ትሰፈራለች።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ ቅንጣቶች በአየር ውስጥ በየአቅጣጫው ስለሚገለባበጡ የቅርጽ ልዩነት በአማካይ ይጠፋል የሚል ነው። ከፊሉ እውነት ነው። ቀጥታ ከፀሐይ የሚመጣው ብርሃን በብናኝ ምን ያህል እንደተዳከመ ሲለካ፣ የቅርጽ ተጽዕኖ እጅግ አነስተኛ ነው፤ ለልኬቱ ራሱም የቅርጽ ግምት አያስፈልግም። ስለዚህ በዚህ ልኬት ብቻ የሚቆም ጥናት በጉዳዩ ብዙ ሊጨነቅ አይገባም። በጎንና በኋላ ላለው ብተና ግን አማካዩ ልዩነቱን አያጠፋውም። የአምስተርዳሙ ልኬት ራሱ የተካሄደው በየአቅጣጫው በተገለባበጡ ቅንጣቶች ላይ ነበር፤ ልዩነቱም በግልጽ ታይቷል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሞላላውም ቢሆን እውነተኛው ቅርጽ አይደለም የሚል ነው። ይህም ትክክል ነው፤ ሞላላ ቅንጣት ጠርዝ የለውም፣ በተለይም ቀጥታ ወደ ኋላ በሚመለሰው ብርሃን ላይ ይደናቀፋል። ነገር ግን ፍጹም አለመሆኑ ከእርሱ የባሰውን ለመምረጥ ምክንያት አይሆንም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የሚከብደው ነው፦ የቦሌ አራብሳ ነዋሪ አቧራ እንዳለ ለማወቅ ቲ-ማትሪክስ አያስፈልገውም፣ መንገዱ ይነጠፍለት የሚል ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለም። ሆኖም ከመንገዱ በፊትና በኋላ አየሩ ምን ያህል እንደተሻለ፣ በተሻለውም ውስጥ የአቧራው ድርሻ ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ በጀት መዳቢ መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ የሚቀርበው ቁጥር አቧራን ጭስ እያለ የቆየ ከሆነ፣ መንገዱ ተነጥፎም ለውጡ ትንሽ መስሎ ይታያል፤ የሚቀጥለውም መንገድ ይዘገያል።

ከድኅረ ምረቃ ተማሪና ከአማካሪው የሚጠበቀው

መፍትሔው በአብዛኛው ከአገር ውስጥ አቅም በላይ አይደለም። በመጀመሪያ፣ በብርሃን ላይ የተመሠረተ የብናኝ መረጃ የሚጠቀም ማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ የቅርጽ ግምቱን በዘዴው ምዕራፍ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይግለጽ፤ ከተቻለም ስሌቱን አንድ ጊዜ በድቡልቡል፣ አንድ ጊዜ በሞላላ አካሂዶ ልዩነቱን ያስፍር። አማካሪዎች የናሙና ብዛትን እንደሚጠይቁ ሁሉ ይህንንም ይጠይቁ።

ሁለተኛ፣ የአካባቢው አቧራ በቦታው ይታይ። በቦሌ አራብሳ ከመንገድ ዳር፣ ከግንባታ አጠገብና ከሕንፃ ጣሪያ ላይ፣ በበጋና በክረምት የተሰበሰበ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሥር የርዝመትና የስፋት ምጣኔው ሊለካ ይችላል። የጂኦሎጂ ትምህርት ክፍሎች ስስ የድንጋይ ቅራፊ የሚመረምሩበት የፖላራይዝድ ብርሃን ማይክሮስኮፕ ለትልልቆቹ ቅንጣቶች ይበቃል፤ ለጥቃቅኖቹ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። ጠፍጣፋ ቅንጣት ማጣሪያ ላይ ሲያርፍ በሆዱ ስለሚተኛ፣ ከላይ የተነሣ ፎቶ ርዝመቱንና ስፋቱን እንጂ ውፍረቱን አያሳይም። ከቅርጹ ሁሉ የሚረሳው ይኸው ውፍረት ስለሆነ ናሙናውን አዘንብሎ ማንሣት ወይም ጥላውን መለካት የግድ ነው።

ሦስተኛ፣ ርካሾቹ መለኪያዎች ከማጣሪያ ክብደት ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ይመርመሩ፤ የእርማት ቁጥራቸውም ለአቧራማና ለጭሳማ ቀን ተለይቶ ይውጣ። ለዓመቱ ሁሉ አንድ እርማት መስጠት ሁለቱን ብክለቶች እንደገና አንድ ማድረግ ነው።

የፊዚክስ ተማሪ ብተናውን ያውቃል፣ የጂኦሎጂ ተማሪ ማዕድኑን፣ የሕዝብ ጤና ተማሪም ጉዳቱን። በቦሌ አራብሳ አቧራ ላይ ሦስቱ በአንድ ማጣሪያ ዙሪያ ካልተቀመጡ እያንዳንዱ የሌላውን ግምት ሳያይ ይወርሳል። በበረንዳዋ ላይ በቀን ሁለቴ አቧራ የምትጠርገው ነዋሪ የምትጠይቀው ቀላል ጥያቄ ነው፦ ይህ የሚገባብን ከመንገዱ ነው ወይስ ከጭሱ? ጥያቄዋ እስኪመለስ ድረስ የሚታተመው ቁጥር ቢያንስ የተነሣበትን ግምት በግልጽ ተሸክሞ ይውጣ።